በቂብላው በኩል የቆመ ቁም ሳጥን

አይት ኡዝሩ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1978

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለኢድር። አላህ በዚያ በብርድ አገር ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ትምህርቱን ያግራልህ፣ ከክፉ ጓደኛና ከእርጥብ ካልሲ ያርቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ፍየሏ ወልዳለች፤ ሁለቱም ግልገሎች እንደ ሐጂ በልዒድ ጯሂ ናቸው።

ከዒድ በኋላ የጣለው ዝናብ የማንንም ቤት ሳይነካ ቀጥ ብሎ የአላህን ቤት መታ። የመስጂዳችን የፊት ግድግዳ፣ ወደ መካ የሚያዞረን ሚህራብ ያለበት፣ ሐሙስ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ተደረመሰ። ሰው አልተጎዳም። ሐጂ በልዒድ ጫማውን ረስቶ ሊመለስ ሲል ስለነበር የተደረመሰው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ «ተአምር የታየብኝ ሰው ነኝ» እያለ አላስቀምጥ ብሎናል። ታውቀዋለህ፤ ከመንደራችን መካን ያየ እሱ ብቻ ነው፣ ይህን የሚረሳ ሰው እንዳይገኝም ቀን ከሌት ይተጋል።

መንደሩ ተሰብስቦ ግድግዳው እንደገና ይሠራ ሲል እኔ ደረቴን ነፋሁና «የመሬት ቅየሳ የሚማር ልጅ እያለኝ ምን ቸገራችሁ» አልኩ። ስለዚህ ንድፉን ሥራልን። ለእረፍት መጥተህ ሳለ በዚያች ባለመርፌ መሣሪያህ መስጂዱን እየዞርክ ስትለካው አይቼሃለሁና ልኬቱ እጅህ ላይ አለ። አደራህን፣ ሚህራቡ ከነበረበት ንቅንቅ እንዳይል። አያቴ በእጃቸው ያቆሙት ነው፤ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ያሰገድኩት ወደዚያው ዞሬ ነው።

አንተስ እዚያ የት ነው የምትሰግደው? ክፍልህ ውስጥ ከሆነ ወደ የት በኩል ትዞራለህ? አገሩን ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቅህ።

ሌላው፣ አክስትህ ጡዳ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ወደዚያ አገር ስትሄድ የሰጠችህ ቴምር ጣፋጭ ነበር ወይ? ከመሞቷ በፊት ደጋግማ ታነሳው ነበር፤ እኔ ነኝ ልጠይቅህ እያልኩ የምረሳው።

አጎትህ ቡጀማ፣ የአይት ኡዝሩ ኢማም


ስትራስቡርግ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1978

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለተከበሩ አጎቴ፣ ላሳደጉኝና ፊደል ላስቆጠሩኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ በእርስዎ ዱዓ ደህና ነኝ። ካልሲዬም ደረቅ ነው።

ንድፉን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሁለት ሌሊት ሠርቼበታለሁ፤ አስተማሪዬ አይቶት «ይሄ መስጂድ ከተሠራ ከአንተ ዕድሜ በላይ ይቆማል» ብሎኛል። በወረቀቱ ጥግ ያለችው ቀስት ሰሜንን ነው የምታሳየው።

አጎቴ፣ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎት። ሒሳቡን ስሠራው ከአይት ኡዝሩ ወደ መካ ያለው አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ ልክ ምሥራቅ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ የለውም፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ቀን ፀሐይ የምትወጣበት ቦታ ማለት ነው። የእኛ ሚህራብ ግን ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። ስህተቱ ስልሳ አምስት ዲግሪ ነው! መስመሩን በካርታ ላይ ባስረዝመው በረሃውን ሁሉ አቋረጠና መካን በሩቁ እንኳ ሳይሰናበት ውቅያኖስ ውስጥ ገባ። አይቀየሙኝና፣ አይት ኡዝሩ መቶ ዓመት ሙሉ የሰገደችው ወደ ዓሣ ነው።

አዲሱን ግድግዳ ወደ ምሥራቅ አድርጌ ነድፌዋለሁ። እንደሚደሰቱበት አውቃለሁ፤ «ሳትመረምር አትመን» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ክፍሌ ጠባብ ብትሆንም ትመቻለች። ቴምሩ በጣም ጣፋጭ ነበር፤ ከጓደኞቼ ጋር ተሻምተን ነው የጨረስነው።

ልጅዎ ኢድር


አይት ኡዝሩ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1979

አሰላሙ ዓለይኩም።

ልጄ ኢድር፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ምላስህን ደግሞ ትንሽ ያሳጥረው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት አልፎታል። ዝናቡ ነው ያዘገየኝ። ዝናቡ እንኳ ከቆመ ቆየ። በፈረሰው በኩል የድንኳን ሸራ ወጥረን እየሰገድን ነው።

ንድፉ ቆንጆ ነው። ያለ ቀስት ሌላ ሥራልኝና ላክልኝ። ለመንደሩ ሰው የመጀመሪያው ወረቀት ፖስታ ቤት ጠፋ ብያለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ስለ ዓሣው የጻፍከውን ለማንም አላነበብኩም።

ለጉልበት የሚቀባ መድኃኒት እዚያ ይገኝ እንደሆነ ሁለት ብልቃጥ ላክልኝ። ጠንከር ያለው ይሁን።

ወደ የት በኩል እንደምትዞር ጠይቄህ ነበር፤ ክፍልህ ጠባብ መሆኗን ነገርከኝ። ጠባብ ክፍልም አራት ግድግዳ አለው።

ቴምሩ ጣፋጭ ነበር ማለትህ ደስ አሰኝቶኛል። ስንት ይሆን ነበር?

አጎትህ ቡጀማ


ስትራስቡርግ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1979

ወዓለይኩሙ ሰላም።

ለተከበሩ አጎቴ። ጉልበትዎን ምን አገኘው? ሦስት ብልቃጥ ልኬያለሁ። ሻጩ «ለፈረስም ይሆናል» ብሎኛል፤ ስለዚህ በጥቂቱ ይቀቡት።

ሌላ ንድፍም ልኬያለሁ። ቀስቷን አጥፍቻታለሁ፤ መካን ግን ከቦታዋ ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። አጎቴ፣ በሒሳብ ምን ያኮርፋሉ? ሒሳብ እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለቴም ያው መጣ። አያትዎ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ግን መሣሪያ አልነበራቸውም።

ስለ ክፍሌ ጠይቀውኛል። ከስትራስቡርግ ቂብላው መቶ ሃያ አምስት ዲግሪ ነው፣ ደቡብ ምሥራቅ ማለት። በክፍሌ ውስጥ በዚያ በኩል ቁም ሳጥን አለ። የአከራዬ የማዳም ሽሚት አያት ቁም ሳጥን ነው፤ ከባድ ነው፣ ሦስት ወንድ አያነቃንቀውም። አክስቴ የሸመነችልኝ የመስገጃ ምንጣፍ በክብር አናቱ ላይ ተቀምጧል።

ቴምሩ አንድ ኪሎ ያህል ይሆናል።

ልጅዎ ኢድር


አይት ኡዝሩ፣ ማርች 30 ቀን 1979

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ልጄ ኢድር፣ አላህ ከፈረስ መድኃኒት ይጠብቅህ። ሳላነብ ተቀብቼው ከንጋቱ ፈጅር እስከ ቀትሩ ዙህር ቆሜ ዋልኩ፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

እንግዲህ ጉድ ፈልቷልና ሁሉንም ልንገርህ። የዓሣው ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ሳቅሁ። በማግስቱ አልሳቅሁም። ሚህራቡን እንዳልተው መንደሩን ፈራሁ፣ እንዳልይዘው አላህን ፈራሁ። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለህ? ሰዉን ወደ ድሮው በኩል አሰግድና፣ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ሶላቱን ከመጀመሪያው ወደ ምሥራቅ ዞሬ እደግመዋለሁ። በቀን አምስት የነበረው አሥር ሆነ። ጉልበቴን ያገኘው ይኸው ነው።

ምሥራቅ በጡዳ ክፍል በመስኮቱ በኩል ነው። አንድ ቀን ግንባሬን ከምንጣፉ ሳነሳ ሐጂ በልዒድ እንቁላል ይዞ በመስኮቱ ፊት ለፊት ቆሟል። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን።

«ኢማም፣ ለእኔ ነው የምትሰግደው?» አለኝ።

ከዚያ ምን ቀረ? ደብዳቤህን አውጥቼ ለመንደሩ አነበብኩት፤ ዓሣውንም ጨምሬ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ሐጂ በልዒድ የድሮው ግድግዳ ወገን አለቃ ሆነ። «መርፌዋ የፈረንጅ ናት፤ ወደ አገሯ ነው የምታየው» አለ። እኔም ጉድ አልኩ፤ መርፌዋ ወደ ሰሜን ማየቷ እውነት ነዋ! ደግሞ «እኔ ሄጄበታለሁ፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ፊቱን ወደ ባሕር አድርጎ ነው» አለ። ባሕር በምዕራብ ነው። «ታዲያ ወደ ምዕራብ እንስገድ?» ስለው፣ «እንደዚያ አልወጣኝም፤ ወደ ምሥራቅ እንዳልሄድኩ ግን በዐይኔ አይቻለሁ» አለኝ።

የኢማሙ እራት በየቤቱ ተራ እንደሚመጣ ታውቃለህ። የድሮው ግድግዳ ወገን ተራ ሲሆን የሐሪራው ሾርባ ውስጥ አንዲት ምስር ብቻዋን ትዋኛለች። የምሥራቅ ወገን ተራ ሲደርስ ዶሮ ይመጣል። ወላሂ ከምስሯ ይልቅ ያስፈራኝ ዶሮው ነው፤ ሰው ለዶሮ ብሎ እውነትን ቢይዝ አላህ ዘንድ ምን ሊባል ነው?

ይህ ሁሉ ቀልዱ ነው። አሁን የሚያመኝን ልንገርህ። ጡዳ መስኮቷ ስር ስትሰግድ ምንጣፏን ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ መውጫ ታዞረው ነበር። «ለምን ታጣሚዋለሽ?» ስላት «ብርሃኑ ደስ ይለኛል» ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቀጥ በይ አንቺ ሴት» እያልኩ ምንጣፏን በእግሬ አቃናለሁ። እኔ ስወጣ ትመልሰዋለች። ስትሞት ደግሞ መቃብር ውስጥ በቀኝ ጎኗ ያስተኛኋት እኔ ነኝ፤ ፊቷን ወደ ሚህራቡ በኩል አዞርኩት። ከመንደሩ ሁሉ ትክክለኛዋ እሷ ብቻ ነበረች ኢድር፣ መልሳ መዞር የማትችልበትን ቀን ጠብቄ አጣመምኳት። አንተ ዓሣ ብለህ ስትጽፍ ይህን አላሰብክም፤ አውቃለሁ።

ልቤ አልረጋ ሲለኝ ታሩዳንት ከተማ ወርጄ አንድ ትልቅ የሃይማኖት ሊቅ፣ ዓሊም፣ ጠየቅሁ። ነገሩ አልደነቃቸውም። «አያትህ መዲና ላይ ወደ ደቡብ እንደሚሰገድ ሰምተው ይሆናል፤ መዲና ከመካ በስተሰሜን ናትና። በእኛ አገር ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ሠርቷል» አሉኝ። «ሶላቴስ?» አልኳቸው። «ፈልጎ የተሳሳተ አንድ ምንዳ አለው፣ ፈልጎ ያገኘ ሁለት። ያለፈው አልፏል። ከእንግዲህ ካወቅህ ዙር። ሚስትህን ግን አትንካት፤ የፈለጉ ሰዎች ናቸው ያስተኟት» አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ልወጣ ስል «ያልፈለገስ?» አልኳቸው።

«ማን ነው እሱ?» አሉኝ።

«አንድ ቁም ሳጥን ያለው ልጅ ነው» አልኩና ወጣሁ።

ችግሩ መንደሩ ነው። ሐጂ በልዒድ «ለእኔ አንዱ ምንዳ ይበቃኛል» ብሎ ቁጭ ብሏል። ያለ መርፌ የሚታይ ማስረጃ ካለህ ላክልኝ። ረመዳን ሳይገባ ግድግዳው ካልቆመ ሁለት ጀማዓ ሆነን፣ ጀርባ ለጀርባ ልንሰግድ ነው።

አጎትህ ቡጀማ


ስትራስቡርግ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1979

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

አጎቴ፣ ስለ ዓሣው ይቅር ይበሉኝ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አክስቴን አላሰብኳትም።

መርፌ የማያሻው ማስረጃ አለ። ሜይ 28 ቀን ፀሐይ መካ ላይ በቀጥታ ከካዕባ አናት በላይ ትቆማለች። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን በእርስዎ ዘንድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ሰው የትም ይሁን፣ ፊቱን ወደ ፀሐይዋ ካደረገ ወደ ካዕባ ዞሯል ማለት ነው። ዱላ ቀጥ አድርገው ይትከሉ፤ ጥላው ከወደቀበት በተቃራኒ ያለው ቂብላው ነው። ሰዓቱን በሬዲዮ ይያዙ። ፀሐይ የፈረንጅ አይደለችምና ሐጂ በልዒድ ምንም አይላትም።

ለዓሊሙ ስለነገሩት ልጅ። ቁም ሳጥኑን ለማንቀሳቀስ አልሞከርኩም። እውነቱን ከፈለጉ ከባድ ስለሆነ አይደለም። በዚህ አገር አንድም ቀን አልሰገድኩም አጎቴ። ለእርስዎ መዋሸት ስለሰለቸኝ ነው አሁን የምጽፈው። አልካድኩም፣ አልሰከርኩም፣ ከክፉ ጓደኛም አልገጠምኩም። መስመሩን እስከ ደቂቃው ማስመር እችላለሁ፤ በመስመሩ ጫፍ የሚሰማ መኖሩን ግን በምን ልለካው? ያላረጋገጥኩትን ነጥብ በካርታ ላይ ማስቀመጥ አልተማርኩም። ቆሜ አፌን ባንቀሳቅስ ማስመሰል ይሆንብኛል። እርስዎ ራስዎ ነዎት «ሳትመረምር አትመን» ያሉኝ። መረመርኩ፣ አላገኘሁም።

ይጣሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ጉልበትዎን ግን በዚያ መድኃኒት አይቀቡት።

ልጅዎ ኢድር


አይት ኡዝሩ፣ ጁን 3 ቀን 1979

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ልጄ ኢድር፣ አላህ ልብህን ያስፋልህ፣ የምትፈልገውንም ያሳይህ።

መጀመሪያ የሰኞውን ልንገርህ። ከማለዳ ጀምሮ ሽማግሌ ሕፃን ሳይል መንደሩ ሜዳው ላይ ወጣ። እያንዳንዱ የራሱን ዱላ ይዟል፤ በሰው ዱላ የሚያምን የለማ። መጥረጊያ ይዞ የመጣም አለ። ሦስት ሰዓት በሬዲዮ ሲባል ሰዓቴን አስተካከልኩና አሥራ ስምንቱን ደቂቃ ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። በአሥራ አራተኛው ደመና መጣ። ሐጂ በልዒድ «አላህ ሸፈነው፣ ወደ ቤታችን!» አለ። በአሥራ ሰባተኛው ደመናው ገለል አለ።

«አሁን!» ብዬ ጮኽኩ። ሰማንያ ያህል ዱላ ነበር፤ ከአንዱ በቀር ጥላው ሁሉ ወደ ምዕራብ ተኛ፣ አንድ ላይ፣ ልክ እንደ ጁምዓ ሰልፍ። የሐጂ በልዒድ ጥላ ብቻ ወደ ሌላ ሄዷል። ሄጄ ባየው ዱላውን አጋድሞ ይዞታል።

«ሐጂ፣ ዱላውን አቅናው» አልኩት።

«እንደ እኔ ደክሞት ነው» አለኝ።

ቀስ ብዬ አቃናሁለት። ጥላው ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈ። ሐጂ ፀሐይዋን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ዐይኑ እንባ ሞላ።

«አስታወስኩ!» አለ። «ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በዚሁ በሜይ መጨረሻ እዚያ ነበርኩ። ጫማዬ ጠፍቶብኝ እግሬን እብነ በረዱ ሲያቃጥለኝ የካዕባን ጥላ ፈለግሁ። ዙሪያውን ሁሉ ዞርኩ። ጥላ አልነበረውም! ወላሂ ጥላ አልነበረውም! ፀሐይዋ አናቱ ላይ ነበረች!»

ከዚያን ሰዓት ጀምሮ የምሥራቅ ወገን አለቃ እሱ ሆኗል። የአዲሱን ግድግዳ የመጀመሪያ ድንጋይ ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ነገሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ እያለም ለጎረቤት መንደር ያወራል። ተወው። ሐሪራው ወፍሯል።

እኔ ከሜዳው ወደ ጡዳ መቃብር ሄድኩ። አልነካኋትም። «አንቺ ነበርሽ ትክክል፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ያልወጣኝን ቃል ተናገርኩና ቀለለኝ።

አሁን ወዳንተ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንስ ይጥልሃል? በመስመሩ ጫፍ የሚሰማ መኖሩን በምን ልለካው ብለሃል። እኔ ቀያሽ አይደለሁም። ሰባት ዓመት ሆኖህ ሳለ ትኩሳት ይዞህ ዘጠኝ ቀን ዐይንህን አልገለጥክም። ጡዳ በመስኮቷ በኩል፣ እኔ በዓሣው በኩል ቆመን ለመንን። በአሥረኛው ቀን ተነስተህ ገንፎ ጠየቅህ። «ትኩሳት በራሱም ይለቃል» ትለኛለህ፣ እሺ፣ ይልቀቅ። ይህን ማስረጃ ብዬ አልሰጥህም። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ስማጸን ብቻዬን እንዳልነበርኩ ግን አውቃለሁ፤ ስልሳ አምስት ዲግሪ ተሳስቼም አልጠፋሁበትም። ጥያቄህን አትተው። አላህ ጭንቅላት የሰጠህ ለኮፍያ አይደለም። ብቻ ዞረህ ጠይቀው። ጀርባ ሰጥቶ «ፈልጌ አላየሁም» ማለት ከቀያሽ አይጠበቅም።

ስለ ቴምሩ ደግሞ። ሰባት ነበሩ። ጡዳ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ምንጣፉ መሃል አስቀመጠቻቸው፣ ጠቀለለችውና ዳሩን በቀይ ክር ሰፋችው። «መጀመሪያ የሰገደ ዕለት ያገኛቸዋል፣ ሆዱ እንዳይባባ» አለች። ለእረፍት ስትመጣ ምንጣፉን ይዘህ መጥተህ ነበር። ሻንጣህን ላናፍስልህ ስከፍት ቀይ ክሩ እንደተሰፋ አየሁት። ጡዳ ይህን ሳታይ በመሞቷ አላህን አመሰገንኩ፣ ለአንተም ምንም አልተነፈስኩም። አንድ ኪሎ ስትለኝ ግን ሳቅ አመለጠኝ። የእኛ ጡዳ በምን ቋጥራ ነው አንድ ኪሎ?

ከአንተ ሌላ ንድፍም ሌላ መድኃኒትም አልፈልግም። ቁም ሳጥኑን ግፋው።

አጎትህ ቡጀማ


ስትራስቡርግ፣ ጁን 21 ቀን 1979

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።

ለተከበሩ አጎቴ፣ ዓመቱን ሙሉ እያወቁ ዝም ላሉኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን ቁም ሳጥኑን ስመለከት ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ትከሻዬን ሰጠሁት። አልተነቃነቀም። ልብሴን ሁሉ አወጣሁና እንደገና ገፋሁት፤ የወለሉ ጩኸት ከታች ተሰማ። ማዳም ሽሚት በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ምን ጠፋብህ?» አለችኝ።

«አቅጣጫ» አልኳት።

እብድ ተከራይ ነው ያለኝ ብላ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። እጅጌዋን ሰበሰበችና «አያቴም ይሄንን ሣጥን ይጠላው ነበር» ብላ ከወዲያ ጎተተችው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው አጎቴ፤ ሦስት ወንድ ያልኩት ውሸት ነበር። ሁለታችን እስከ በሩ አደረስነው። ከኋላው አራት ካልሲ፣ አንድ ማንኪያና ባዶ ግድግዳ ነበር።

ክሩን በመቀስ ልቆርጠው ነበር፤ አልቆረጥኩትም። የአክስቴን አሰፋፍ ያውቁታል፤ በጥፍሬም በጥርሴም ስፈታው ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ዘረጋሁት። መቶ ሃያ አምስት ዲግሪውን ለክቼ ነበር የዘረጋሁት፣ ግን መሃሉ ላይ ነጩን ቋጠሮ ሳይ ላነሳው ስጎነበስ በጉልበቴ ገፍቼው ምንጣፉ ተጣመመ። እንደተጣመመ ተውኩት።

ቆምኩ። ምን እንደምል አላውቅ ብዬ ነበር፤ ለካ ከንፈሬ አልረሳም። ጥያቄዬንም ዞሬ ጠየቅሁት፣ እንዳሉኝ። መልስ አልሰማሁም፤ የሰማሁ ባስመስል ያውቁብኛልና አልዋሽም። ብቻዬን የሆንኩ ግን አልመሰለኝም። ምናልባት ማዳም ሽሚት ከበሩ ውጭ ቆማ ስለነበረች ይሆናል። ነገም ቆሜ ልመረምረው አስቤያለሁ፤ አንድ ልኬት ለማንም ቀያሽ አይበቃም።

ሰባት ናቸው። ቆጠርኳቸው። ድንጋይ ሆነዋል፤ አንዱን አፌ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያዝኩት፣ እስኪለሰልስ። እያለቀስኩ ነበር፣ እኔም አላፈርኩም።

ስለ ቴምሩ ጠይቀውኝ ነበር አጎቴ። ጣፋጭ ነው።

ልጅዎ ኢድር